የሆኪ እንጀራ፦ ለአንባቢያን ጥያቄ መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በበረዶ ላይ ሆኪ ዙሪያ ናቸው። ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም በአሜሪካ ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት አንድ ቀን በረዶ ላይ ወስደዋቸው ከዚያ ወዲህ «ሆኪ አስገቡኝ» እያለ መቀመጫ አሳጥቶናል። እኔም አባቱም ስለ ጨዋታው የምናውቀው ነገር የለም። ዕቃው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ያስፈራል። ከምን እንጀምር? ነገ ሙያዬ ይሁን ቢልስ አልረፈደበትም? (እናት፣ ከካልጋሪ)

መልስ፦ በጭራሽ አልረፈደም። ገንዘብዎንና ሐሳብዎን መጀመሪያ ጫማው ላይ ያድርጉ። የሆኪ ጫማ ቁጥር ከመደበኛው ጫማ በ1 ወይም በ1 ተኩል ያንሳል። ልጁ ማሰሪያውን ሳያስር ቀጥ ብሎ ሲቆም የጣቶቹ ጫፍ የጫማውን አፍንጫ በስሱ ይንካ፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ደግሞ ተረከዙ ወደ ኋላ ገብቶ ጣቶቹ ትንሽ ይሽሹ። ወላጆች ሁሉ የሚሳሳቱት «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር አስበልጠው ሲገዙ ነው። እግሩ ጫማው ውስጥ ይዋልላል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ልጁም አቅም ያነሰው ይመስላል። ያነሰው አቅሙ አይደለም፤ ጫማው ነው የበዛበት።

አዲስ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሳይሳል ይመጣል። ሳያስሉ በረዶ ላይ ካወጡት ልጁ ሳሙና ላይ እንደቆመ ይንሸራተታል። ሞረዱ በስለቱ መሐል ለመሐል ጎድጎድ ያለ መስመር ይሠራና ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ ይተዋል። የጉድጓዱ ልክ በኢንች ይነገራል፤ ለጀማሪ ግማሽ ኢንች ጥሩ መነሻ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስለቱ በረዶውን አጥብቆ ይነክሳል፤ ልጁ ሊቆም ሲል እየተያዘ በግንባሩ የሚደፋ ከሆነ ጉድጓዱ ጠልቆበታል ማለት ነው። ወደ ጎን የሚያዳልጠው ከሆነ ደግሞ ስለቱ ደንዝዟል። በረዶ ላይ ከ5 እስከ 10 ሰዓት ከቆየ በኋላ እንደገና ያስሉት። በሲሚንቶ ላይ ሁለት እርምጃ ብቻ ቢሄድበት የሳምንቱ ሞረድ ገደል ገባ። ከጨዋታ በኋላ ስለቱን በጨርቅ አድርቀው የጨርቅ ሽፋን ያልብሱት። ጠንካራው የፕላስቲክ ሽፋን ለመራመጃ ብቻ ነው፤ ለብሶ ካደረ ውሃ ይዞ ያዝገዋል።

ዱላው ልጁ ባዶ እግሩን ሲቆም እስከ አፍንጫው፣ ጫማውን አድርጎ ሲቆም እስከ አገጩ ይድረስ። ዱላው ላይ የተጻፈው የመተጣጠፍ ቁጥር የልጁ ክብደት በፓውንድ ተሰልቶ ግማሹ ያህል ይሁን፤ 50 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ 25 ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ። የአዋቂ ዱላ ቆርጦ መስጠት አያዋጣም፤ ዱላ ባጠረ ቁጥር ይገትራል፣ ልጁም ፓኩን (በዱላ የሚመታውን ክብ ጎማ) ከመሬት ማንሳት ያቅተዋል።

የትከሻ፣ የክርንና የቅልጥም መከላከያውን፣ ሱሪውንና ጓንቱን ያገለገለ ቢገዙ ምንም አይጎድልበትም። የራስ ቁሩን ግን አዲስ ይግዙ፤ ያገለገለ ቁር የትኛውን ምት ተቀብሎ ውስጡ እንደተሰነጠቀ ከውጭ አይታይም። የካናዳ የደረጃ ምልክትና ፊትን በሙሉ የሚሸፍን መረብ ይኑረው። የአንገት መከላከያ በካናዳ የልጆች ሆኪ ግዴታ ነው፤ በአሜሪካም ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ግዴታ ሆኗል። በጥቅምት 2023 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ አዳም ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋች በጨዋታ መሐል በጫማ ስለት አንገቱን ተቆርጦ ሕይወቱ ካለፈ ወዲህ ይህ ነገር ለክርክር የሚቀርብ አይደለም።

ስለ ወጪው፦ በካናዳ ኪድስፖርት የሚባለው ድርጅት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የመመዝገቢያውን ክፍያ ይደግፋል፤ ማመልከቻውን ወቅቱ ሳይጀመር ያስገቡ። በዚህ ዕድሜ ከከተማ ከተማ የሚዞር ቡድን ውስጥ አያስገቡት። ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግማሽ ሜዳ ላይ መጫወታቸው ንቀት እንዳይመስልዎት፤ ሜዳው ሲጠብ እያንዳንዱ ልጅ ፓኩን ደጋግሞ ይነካል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። የዕድሜ ክፍሉ የሚቆጠረው ከጥር 1 ጀምሮ ነው። በጥር የተወለደው ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ሳለ አንድ ላይ ይመዘናሉ። ልጅዎ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደ ከሆነና በ10 ዓመቱ ከምርጥ ቡድን ቢቀነስ፣ የተቀነሰው በቁመቱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው፣ ተከላካይ ነኝ። አሰልጣኜ በኦንታሪዮ ሊግ ልመረጥ እንደምችል ይናገራል። ወላጆቼ ግን ዩኒቨርሲቲ ይሻላል ይላሉ። አንዱን ከመረጥኩ ሌላው ይዘጋብኛል? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ወላጆችህ የሰሙት እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበር። ከካናዳ ሦስቱ ትልልቅ የወጣት ሊጎች፣ ማለትም ከኦንታሪዮ፣ ከምዕራቡና ከኩቤክ፣ በአንዱ የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር ዘንድ እንደ ፕሮፌሽናል ተቆጥሮ በሩ ይዘጋበት ነበር። ደንቡ በኅዳር 2024 ተሽሮ ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የወጣት ሊግ ተጫዋቾች ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መጫወት ይችላሉ። የብሔራዊ ሆኪ ሊግን (የሰሜን አሜሪካውን ትልቁን የወንዶች ፕሮፌሽናል ሊግ) ውል ፈርሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ፊርማ ከመጣልህ በፊት እንደ መጨረሻ ቁጠረው።

አሁን በሩን ሊዘጋብህ የሚችለው ደንቡ ሳይሆን የትምህርት ውጤትህ ነው። ለአንደኛው ዲቪዚዮን (ከፍተኛው የውድድር ደረጃ) ዩኒቨርሲቲዎች በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጉሃል፤ ከነዚህ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ሳይጀመር መጠናቀቅ አለባቸው፤ የነዚህ ኮርሶች አማካይ ውጤት ከ4.0 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ብዙ ተጫዋቾች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በ16 ዓመታቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄደው እንግዳ ተቀባይ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ያሳልፋሉ፣ ሒሳብና ሳይንሱን ለነገ እያሉ ይገፉታል። ነገ ሲመጣ ኮርሱ ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ ከቡድኑ ጋር ስትነጋገሩ ከጨዋታ ደቂቃ በፊት «የትኛው ትምህርት ቤት ነው የምገባው? የትምህርቱን ጉዳይ የሚከታተለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ሊጎች በተጫወትክበት ወቅት ልክ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ነገር ግን የመጠቀሚያ ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ፕሮፌሽናል ውልም ሊያቋርጠው ይችላል። ቀኑንና ሁኔታውን በጽሑፍ አስፍሩ፤ በቃል የተባለውን አትያዙ።

ወደ ብሔራዊ ሊጉ የሚገባው በድራፍት ብቻ አይደለም። በየዓመቱ 32 ቡድኖች በ7 ዙር 224 ወጣቶችን ይመርጣሉ፤ ያልተመረጠ ደግሞ ነጻ ሆኖ መፈረም ይችላል። ማርቲን ሴንት ሉዊስ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ ማንም ሳይመርጠው በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፎ ከ1,000 በላይ ነጥብ (ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ) አስቆጠረ፤ በ2018ም የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ከልምምድ ሲመለስ «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም አሉኝ» ብሎ አለቀሰ። ምን ልበለው? ምንስ ላድርግ? (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ለልጅዎ ዊሊ ኦሪን ያስተዋውቁት። ጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ በብሔራዊው ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። በቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር፤ ይህንንም በምስጢር ይዞ ነው የተጫወተው። በ2018 የክብር አዳራሽ ገባ፤ ብሩይንስም በ2022 22 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ ሰቀለ። የኤድመንተኑን ግብ ጠባቂ ግራንት ፉርንና የካልጋሪውን አምበል ጃሮም ኢጊንላንም ያሳዩት። እናንተ ሰፈር አጠገብ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ኒል ሄንደርሰን በ1970ዎቹ የመሠረተው የፎርት ዱፖንት የልጆች ቡድን አለ፤ ለጥቁር ልጆች በሩን ከፍቶ ትውልድ ያሳደገ ነው። ሄንደርሰንም በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የክብር አዳራሽ ገብቷል። ልጅዎ በዚያ ሜዳ አንድ ቅዳሜ ቢውል ከብዙ ምክር ይበልጥለታል።

እርስዎ ደግሞ ዛሬውኑ ይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ ማን እንደሰማ አስፍረው ለክለቡ ኃላፊና ለአካባቢው ማኅበር በኢሜይል ይላኩ። ለአሰልጣኙ በቃል ብቻ ከነገሩት መዝገብ የለውም፤ ወቅቱ ሲያልቅ አብሮ ይረሳል። ነገሩ በጨዋታ ላይ ከሆነ አሰልጣኙ በዚያው ቅጽበት ለዳኛው አሳውቆ በጨዋታው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ያድርግ። ዳኛው ቃሉን ራሱ ባይሰማውም ሪፖርት እንዲያደርግ ሊጠየቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ አንድ ተጫዋች 850,000 ዶላር ፈረመ ሲባል እንሰማለን። እጁ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ይህ ቁጥር ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርገን እናስላው።

በመጀመሪያ 850,000 ከ2026–27 ወቅት ጀምሮ የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወቅቶች 775,000 ነበር። ወጣቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው ባለ ሁለት ደረጃ ውል ነው። በትልቁ ሊግ ሲሆን አንድ ደመወዝ፣ ወደ አሜሪካን ሊግ (ከትልቁ ሊግ ቀጥሎ ወዳለው ሊግ) ሲወርድ ሌላ ደመወዝ ይከፈለዋል። ክፍያው በቀን ይሰላል። ለምሳሌ ውሉ ላይ 850,000 እና 85,000 ተጽፏል እንበል፤ ወቅቱም 190 ቀን ይሁን። ከላይ ሲሆን በቀን ወደ 4,474፣ ከታች ሲሆን 447 ዶላር ነው። ልጁ በዓመቱ 30 ቀን ብቻ ከላይ ከቆየ 134,000 ያህል፣ በቀሪው 160 ቀን 71,500 ያህል ያገኛል። ድምሩ 206,000 አይሞላም። ጋዜጣው የጻፈው 850,000 ነው፤ ዘመድ ሁሉ የሰማውም እሱን ነው።

ከዚህ ላይ ወኪሉ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይወስዳል። ቡድኑ የተጫወተባቸው ብዙዎቹ ግዛቶች በዚያ ለዋለበት የሥራ ቀን ግብር ይጠይቁታል፤ ስለዚህ ግብሩን የሚሠራለት ሰው የስፖርተኛ ግብር የሚያውቅ መሆን አለበት። በትልቁ ሊግ ደግሞ የሊጉ ገቢ በባለቤቶችና በተጫዋቾች መካከል እኩል ስለሚካፈል፣ ሒሳቡ እስኪጣራ ከደመወዙ የተወሰነ መቶኛ ይያዛል፤ ተመልሶ የሚመጣው ሙሉው ላይሆን ይችላል። ደመወዙ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብቻ ነው። በበጋ የቤት ኪራይም፣ የግል አሰልጣኝም፣ ለቤተሰብ የሚላከውም ከዚያው ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ገንዘብ እንደገባ ለ12 ወር ያልተከፋፈለ ሰኔ ላይ ያልቃል።

ስለ ውሉ ዕድሜ፦ ከ18 እስከ 21 ዓመት የፈረመ የመጀመሪያ ውሉ 3 ዓመት፣ በ22 እና በ23 የፈረመ 2 ዓመት፣ በ24 የፈረመ 1 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም መብቱ በቡድኑ እጅ ይቆያል። 27 ዓመት ሲሞላው ወይም 7 ወቅት ሲያገለግል ነው ሙሉ በሙሉ ነጻ የሚሆነው። ቡድኑ ውሉን ከፍሎ ለማፍረስ ከፈለገ ከ26 ዓመት በታች ላለው የቀሪውን ደመወዝ አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሁለት ሦስተኛ፣ በቀሪው ዓመት እጥፍ ከፋፍሎ ይከፍላል። «የተረጋገጠ ውል» ሲባል ሙሉው ይገባል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ጥያቄ፦ ልጄ የበረዶ ሜዳውን ዙሪያ ከከበበው ግድግዳ ተጋጭቶ ራሱን ተመታ። «ደህና ነኝ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ» ይላል። (እናት፣ ከኤድመንተን)

መልስ፦ ቅዳሜ አይጫወትም። የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ በዚያው ቀን ወደ በረዶ አይመለስም፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ከተጫዋች አፍ ሲወጣ ማስረጃ አይደለም። ደጋግሞ ካስታወከው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከልክ በላይ ካንቀላፋ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም የዓይኑ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ ሰዓት ሳያሳልፉ 911 ይደውሉ።

ይህ ከሌለ ሐኪም ካየው በኋላ መመለሻው 6 ደረጃ ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍትና የማያስቸግር የዕለት ኑሮ፤ ቀጥሎ የእግር ጉዞ ወይም የቆመ ብስክሌት፤ ቀጥሎ ብቻውን በረዶ ላይ መንሸራተት፤ ቀጥሎ ግጭት የሌለበት ልምምድ፤ በሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ ሙሉ ልምምድ፤ በመጨረሻ ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ትምህርቱን ሳይቸገር መከታተል ያልቻለ ልጅ ሙሉ ልምምድ አይገባም። ምልክቱን ለመሸፈን ማስታገሻ ሰጥቶ ማሰለፍ በጣም አደገኛ ነው፤ ሁለተኛው ምት የመጀመሪያው ሳይድን ሲደርስ ጉዳቱ አንጎልን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

ለወደፊቱ አሰልጣኙን ይጠይቁ፦ ወደ ግድግዳው አቀራረብ ተምሯል? አደጋው የሚበዛው ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ግድግዳውን ተጣብቆ የቆመ ልጅ ሲገፋ ሰውነቱ በሙሉ ይደገፋል፤ ሜትር ርቆ የቆመ ግን በጭንቅላቱ ይወረወራል። በማዕዘን መግባት፣ ቀና ማለት፣ ፓኩን በእግር ጠብቆ መዞር ይሠለጠናል።

ጥያቄ፦ ግብ ጠባቂ ቢሆን ቶሎ አያልፍለትም? ተፎካካሪው ትንሽ ነው ይባላል። (ከዴንቨር)

መልስ፦ ቦታውም ትንሽ ነው። አንድ ቡድን ለጨዋታ 18 ተጫዋችና 2 ግብ ጠባቂ ያሰልፋል፤ በ32ቱ ቡድኖች ሲቆጠር 64 ወንበር ነው። የሚሰለፈውም አንዱ ነው። ግብ ጠባቂዎች ዘግይተው ይበስላሉ፣ ዕቃቸውም ከሌላው ተጫዋች በብዙ ይወደዳል። ልጁ ራሱ ወዶ ካልሆነ አትግፉት።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ። በሆኪ መኖር ይቻላል? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አሁን ይቻላል፣ ግን ጠበብ ይላል። የሰሜን አሜሪካው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ጥር 1 ቀን 2024 ቶሮንቶ ላይ በ6 ቡድን ጀመረ፤ በ2025 ቫንኩቨርና ሲያትል ተጨምረው 8 ሆኑ። በመጀመሪያው ወቅት ዝቅተኛው ደመወዝ 35,000 ዶላር ነበር፤ በየቡድኑ ቢያንስ 6 ተጫዋቾች ከ80,000 ያላነሰ እንዲያገኙም በስምምነቱ ሰፍሯል። 35,000 ቦስተን ወይም ኒውዮርክ ውስጥ ብቻውን አያኖርም፤ ስለዚህ ዲግሪሽን ይዘሽ ሂጂ። ከሚገቡት አብዛኞቹ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 4 ዓመት ተጫውተው ነው የሚመጡት። አንቺ ያለሽበት የስዊድን የሴቶች ሊግ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ የሰውነት ግጭት ስለፈቀደ ለዚያኛው ሊግ ጥሩ ዝግጅት ይሆንሻል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ 19 ዓመቴ ነው። በጎማ ስኬት ጥሩ እነዳለሁ። ፕሮፌሽናል መሆን እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነቱን መንገር ይሻላል፦ በ19 ዓመት በረዶ ሳይረግጡ ተነስቶ ለትልቁ ሊግ መድረስ አይቻልም። ለአገር መጫወት፣ ማሠልጠንና መዳኘት ግን ይቻላል። ናይሮቢ ውስጥ የኬንያ አይስ ላየንስ ተጫዋቾች በአንድ ሆቴል ውስጥ ባለ ትንሽ የበረዶ ሜዳ ተለማምደው ቡድን አቆሙ፤ ኬንያም በ2024 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆነች። በጎማው ላይ ማዕዘን መቁረጥ፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ኳስ በዱላ መያዝ ትማራለህ። የማትማረው መቆም ነው፤ ጎማ እንደ ስለት ወደ ጎን ተንሸራቶ በረዶ አይፍቅም። በረዶ ባገኘህ ቀን የመጀመሪያውን ሰዓት በሙሉ ለመቆም ስጠው፣ በሁለቱም ወገን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 25 ዓመቱ ነው፣ በሦስተኛው ደረጃ ሊግ ይጫወታል። ቤተሰቡ «ይብቃህ» እያለው ነው፤ እሱ ግን ከአውሮፓ ቡድን ጥሪ ደርሶታል። (እህት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ወንድምሽ ያለበት ሊግ በዓመት 72 ጨዋታ ነው፤ ክፍያው በሳምንት፣ ቤቱ ከቡድኑ ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ሁለቱም ይቆማሉ። ከዚያ የአውሮፓው ጥሪ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ቁጥሩ ግን በሌላ ቋንቋ ነው የሚነበበው። ብዙ ክለቦች ደመወዙን ግብር ተቀንሶ ይነግራሉ፣ ቤትና መኪና ይጨምራሉ። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ደመወዙ ከግብር በፊት ነው በኋላ? ግብሩን በስሙ የሚከፍለው ማን ነው፣ ደረሰኙስ ይሰጠዋል? የጤና መድኅኑ ጉልበትና ትከሻን ይሸፍናል? ተጎድቶ ቢተኛ ደመወዙ ይቀጥላል? ክለቡ በወቅቱ አጋማሽ ሊያሰናብተው ይችላል ወይ? የመመለሻ ትኬቱስ በማን ነው? የጀርመን ከፍተኛ ሊግን የመሳሰሉ ሊጎች በአንድ ጨዋታ የሚሰለፉ የውጭ ተጫዋቾችን ይገድባሉ፤ ሌላ የውጭ ተጫዋች ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ለቤተሰቡ ደግሞ፦ «ይብቃህ» ከማለት የሚቀጥለውን ሁለት ዓመት ከነወጪው አብሮ ወረቀት ላይ ማስፈር ይረዳዋል። በጎን አንድ ሁለት ኮርስ በኢንተርኔት ቢወስድ ጊዜው አለው፤ የተጫዋች ከሰዓት ባዶ ነው።

አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ የዓለም አቀፍ ዝውውር ካርዱ መጠየቁን ያረጋግጥ። ካርዱ ሳይደርስ ልምምድ እየሠራ ሊቆይ ይችላል፣ መሰለፍ ግን አይችልም፤ ውሉ ደመወዝ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጨዋታ ነው የሚል ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ሳምንት ያለ ክፍያ ያልፋል።